ለየበሩ ሦስት መቶ ዋት

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ እጄ ከገባ መጀመሪያ ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አያለሁ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ስልክ መሙያም ይሁን ቴሌቪዥን፣ ሳልገለብጠው አይሰካም። ዋቱ ከተጻፈ ደህና፤ ካልተጻፈ አምፔሩን በቮልቱ አባዛለሁ፣ ያለ ወረቀት። ዓይኔ ደክሞ ፊደሉ ሲጠፋብኝ አንዱን ጠርቼ አስነብባለሁ እንጂ ሳላውቀው አልተውም።

ይህን ሒሳብ የተማርኩት በአንድ ቀትር፣ መሬት ላይ በሚስማር ተጽፎልኝ ነው። ስህተት የለበትም፣ ዛሬም ልክ ነው። በዚሁ ልክ በሆነ ሒሳብ አንዲት ሴት እንጀራዋን አሳጥቼ ከአሶሳ አስወጣኋት። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ያኔ ክልሉ ገና መቆሙ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ ታፔላ ይሰቀላል፤ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ቢሮው ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። ከየክፍለ ሀገሩ መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ ሾፌሩ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ከመንጌ፣ ከኩርሙክ መንገድ፣ ከየገጠሩ ደግሞ ያገሩ ተወላጆች ሥራ አለ ሲባል ሰምተው ወደ ከተማ ይገባሉ። ቤት ጠፋ። አንድ ሰው ይኖርበት የነበረውን ክፍል ለሁለት ከፍለው ሁለት ቤተሰብ ያስገቡበት ጀመር።

የእኛ ግቢ የቀበሌ ነበር። ሰባት በር በአንድ ረድፍ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የተመረገ ቀርከሃ። እኔ አራተኛው በር ነበርኩ። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ ሰፈራ ጣቢያው ሲበተን ከተማ ገባሁ፤ በጤና ጣቢያ ጽዳት እሠራ ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ሄጃለሁ። ከትምህርት ሁሉ የምወደው ማካፈል ነበር። ቁጥሩ ለሁሉም እኩል ደርሶ ምንም ሳይተርፍ ሲያልቅ ደስ ይለኛል።

መብራት የሚመጣው ከከተማው ዳር ካለው ሞተር ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰባቱ በር በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቫልቮላ ነበር የምንጠቀመው። ቫልቮላ ማለት ከቆጣሪው ሥር ያለች ሸክላ ናት፤ ውስጧ ቀጭን ሽቦ አለ። ከልክ በላይ ሲጎተት ሽቦዋ ትቃጠልና ግቢው ይጨልማል። የእኛ በየምሽቱ ትቃጠል ነበር። የመጀመሪያው በር መምህር ምድጃ ይሰካል፣ አምስተኛው በር ውሃ ማፍያ ይሰካል፣ ድው ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ሁሉም ከቤቱ ወጥቶ ሁሉም ሌላውን ይሰድባል።

ወንዶቹ በሽቦዋ ፋንታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው መክተት ጀመሩ። እውነትም አልቃጠል አለ። በሦስተኛው ቀን ምሽት ግን ሦስተኛው በር ውስጥ ገመዱ የተመታበት ቀርከሃ ጢስ አወጣ። ጭቃውን በመጥረቢያ አፍርሰን ውሃ ደፋንበት። እሳቱ ቢነሳ ሰባታችንም በአንድ ረድፍ ነበርን።

በማግስቱ የሞተር ቤቱ ኤሌክትሪሺያን መጣ። የባምባሲ ሰው ነበር፤ ብረት የመሰለ ክንድ ያለው፣ ረጋ ያለ። እኔን "አዴ" ይለኛል፣ በእነሱ የትልቅ ሴት መጠሪያ ነው። ብርማውን ወረቀት ከቫልቮላው አውጥቶ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየን። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። መስመሩን ቆረጠና አንድ ኃላፊ ካልመረጣችሁ አልቀጥልም አለ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ እጄን አወጣሁ።

"አዴ፣ ሒሳብ ትችያለሽ?" አለኝ።

"ማካፈል እችላለሁ።"

ሳቀና ከቆጣሪው ሥር ቁጢጥ አለ። ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ መሬቱን በእጁ ደልድሎ ጻፈ። ቫልቮላዋ አሥር አምፔር ነው የምትችለው። ሞተሩ የሚልክልን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው። አንዱን በአንዱ ስታባዢው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ይመጣል፤ ይህ ዋት ነው፤ ግቢያችሁ በአንድ ጊዜ ሊጎትት የሚችለው ጉልበት ይህ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ሽቦዋ ትቃጠላለች፤ እንዳትቃጠል ካደረጋችኋት ቤቱ ይቃጠላል። እያንዳንዱ ዕቃ ሥሩ ላይ ዋቱ ተጽፎበታል፣ ገልብጠሽ አንብቢ አለኝ። "በአንድ ጊዜ" ያላትን ቃል ሰምቻታለሁ። ሰምቼ ግን አልመዘንኳትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዤ በር ለበር ዞርኩ። ጫማዬን አውልቄ እየገባሁ፣ አምፖሉን አልጋ ላይ ቆሜ እያነበብኩ፣ ያለውን ሁሉ ጻፍኩ። መምህሩ አንድ ስልሳ፣ አንድ አርባ፣ ምድጃው አንድ ሺህ። ሁለተኛው በር አንድ ስልሳ። ሦስተኛው በር መቶ። እኔ ስልሳ። አምስተኛው ስልሳና አርባ፣ ውሃ ማፍያው ደግሞ ሰባት መቶ። ስድስተኛው ስልሳ። ሰባተኛው ስልሳ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶን ለሰባት አካፈልኩት፤ ሦስት መቶ አሥራ አራት ወጥቶ ቁርጥራጭ ተረፈ። ቁርጥራጭ ስለማልወድ ለየበሩ ሦስት መቶ አደረግሁት። ከተረፈው መቶ ላይ ለሽንት ቤቱ አንዲት አርባ አምፖል አስገባሁ፤ ልጆች በጨለማ ይፈሩ ነበር።

ምሽት ላይ ሁሉንም ሰብስቤ አነበብኩት። ከሦስት መቶ ያለፈ ዕቃ አይሰካም፣ ማንም ይሁን ማን። መምህሩ ጎጃሜ ነው፤ ታሪክ ያስተምራል፤ ምላሱ ስለት ነበረው።

"እማማ፣ ምድጃዬን ልሸጠው ወይስ ልቅበረው?"

"ግቢውን ከምትቀብር ምድጃህን ቅበር" አልኩት።

ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ምድጃውንም አልጋው ሥር አስገባው። አምስተኛው በርም ውሃ ማፍያውን ጠቅልሎ አስቀመጠ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ቫልቮላዋ ተቃጥላ አታውቅም።

እንዴት እንደኮራሁ መደበቅ አልችልም። በየስብሰባው እኩልነት፣ ተዋጽኦ፣ ድርሻ ይባል ነበር፤ ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ወንበር እያጸዳሁ ስንቱን ንግግር ሰምቻለሁ። የእኔ ግቢ ግን ንግግር አያስፈልገውም ነበር። የአገሩ ሰውም ሰፋሪውም፣ በደመወዝ የመጣውም በእግሩ የመጣውም፣ ሦስት መቶ ሦስት መቶ።

ይህን ያህል የጠናሁበት ምክንያት አለኝ። በድርቁ ዘመን መጠለያ ውስጥ እህል በጣሳ ይሰፈርልን ነበር። ጣሳው ለሁሉም አንድ ነው ይባላል። ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ እህሉን ወደሚሰፍረው ሰው ጆሮ ይጠጋል። አንዷ ሕመምተኛ አለብኝ ትላለች፣ አንዱ እንግዳ መጣብኝ ይላል። ምክንያታቸው እውነት ነበር። የሚጨመርላቸው ግን ከጆንያው ነው፣ ጆንያው ደግሞ ከሰልፉ መጨረሻ በፊት ያልቃል። እኔ መጨረሻ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ባዶ ዕቃ ይዤ ስመለስ እቅፌ ውስጥ የነበረውን ልጅ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጆሮ የሚጠጋ ሰው አልወድም።

ሰባተኛው በር የምትኖረው የመንጌ ሴት ነበረች። ቋንቋዋ በርታ ነው፤ አማርኛዋን ከተማ ገብታ በጆሮዋ የለቀመችው ነው። ባሏ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ሄዶ የቀረ፣ አንዲት ጡት የጣለች ሴት ልጅ ያላት፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን። ከመምጣቷ በፊት ወንዝ ዳር ወርቅ ታጥብ ነበር። ወገቤ አለቀ ብላ ነው የተወችው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ አጎንብሰሽ፣ ማታ ቀና ማለት አቅቶሽ፣ ጠዋት መልሰሽ ታጎነብሻለሽ ብላ ነግራኛለች። ወደዚያ ከምመለስ ብላም ምላሷን ጠቅ ታደርግ ነበር።

አሶሳ ላይ ልብስ ትተኩሳለች። አዳዲሶቹ ሹማምንት ስብሰባ አያጡም፣ ለስብሰባ ደግሞ የተጨማደደ ሸሚዝ አይለበስም። ከሦስት ቢሮ ልብስ ይመጣላት ነበር። የምትተኩሰው በከሰል ካውያ ነው። ከሰሉን አቀጣጥላ፣ ካውያውን ውጭ ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘች አመዱን ታራግፋለች፣ በቀዳዳው እፍ ትላለች፣ ከዚያ ገብታ ትተኩሳለች። ነፋስ ሲኖር ብልጭታው በቀዳዳው ይወጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ከሰሉ ይረጥባል። ሁልጊዜ ልቧ ተንጠልጥሎ ነበር የምትሠራው።

አንድ ቀን ከኩርሙክ የመጣ ነጋዴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጥቷት ሄደ። ለስንት ወር ገንዘብ ስታጠራቅምለት ኖራለች። የኤሌክትሪክ ካውያ ነበር፣ ሆዱ መስታወት የመሰለ። በቀጥታ ወደ እኔ አመጣችው። እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

"እማማ፣ ይሄ ስንት ይበላል?"

ገለበጥኩት። አንድ ሺህ ዋት።

ያንቺ ሦስት መቶ ነው፣ ይሄ ከሦስት ሰው ድርሻ በላይ ነው አልኳት። እንደሚሆን ገምታ ነበር፤ አስባበት ነው የመጣችው። ያለችኝን እንዳለ አስታውሳለሁ።

"እኔ መብራት አያበራም። ኩራዝ አለ። አንድ ሰዓት ብቻ ይተኩሳል፣ ከዚያ ይነቅላል። ሁለተኛ በር፣ ሦስተኛ በር፣ ስድስተኛ በር ጠይቋል። እሺ ብሏል። አንድ ሰዓት እነሱም ያጠፋል።"

እውነቷን ነበር፤ ሦስቱ ሴቶች ፈቅደውላታል። የአራት በር ድርሻ አንድ ላይ ሲሆን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ካውያው ይገባበት ነበር፣ ሁለት መቶም ይተርፍ ነበር። ሒሳቡን ወዲያው ነው የሠራሁት። እሺ ልላትም አፌን ከፍቼ ነበር።

መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን እንኳ አላወረደም።

"እማማ፣ ካውያው ከገባ ምድጃዬም ከአልጋ ሥር ይወጣል። ሕግ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔም አስፈቅጄ ሦስት ሰው አላጣም።"

በክፋት አልነበረም የተናገረው። ግማሹ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ያ ሰልፍ ታየኝ። ዛሬ ለካውያ፣ ነገ ለምድጃ፣ ከነገ ወዲያ ለውሃ ማፍያ፤ ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ይዞ ወደ ጆሮዬ ሲጠጋ፣ በመጨረሻም አንድ በር ጨልሞ ሲቀር። አንዷ ድርሻዋን ዛሬ በፈቃዷ ታበድራለች፣ ነገ በይሉኝታ፣ ከነገ ወዲያ በግድ። እንዲህ ነው ያሰብኩት።

አይሆንም አልኳት። ድርሻ አይዋስም፣ ሕጉ ለሁሉም ነው አልኩ።

ካውያውን ከአልጋዬ ላይ አንስታ መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው። ልትወጣ ስትል ዞር አለችና ሳቀች፣ አፏን በነጠላ ሸፍና።

"እማማ፣ አንተ ከመንግሥት ይብሳል። መንግሥት እንኳ ማመልከቻ ይቀበላል።"

መምህሩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንደ ቀልድ አለፈ።

በሌላ ቀን ኤሌክትሪሺያኑን ልጠይቀው አስቤ ነበር። ሞተር ቤቱ ድረስ ሄጄም አጣሁት፤ ለመለዋወጫ ወደ ነቀምቴ ሄዷል አሉኝ። ከዚያ አልደገምኩም። ሐቁን ለመናገር፣ ፍርዴን ሌላ ሰው እንዲያይብኝ አልፈለግሁም።

ካውያው ሰባተኛው በር ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ከታች በከሰሉ ትተኩሳለች፣ ከላይ እሱ ያብረቀርቃል። ልብስ ላደርስላት ወይም ጨው ልበደር ስገባ ላለማየት ወደ ሌላ አያለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ሁለት ጊዜ መጥተው ለመኑኝ። በሁለተኛው ጊዜ ተቆጥቼ መለስኳቸው፤ ምሕረት የሚመስል ነገር ስንቱን እንደገደለ እናንተ አታውቁም አልኳቸው። አላወቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ከዚያ በኋላ ማንም አልለመነኝም።

ክረምቱ መጥቶ ነበር። ትልቅ ስብሰባ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የቢሮ ኃላፊ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ላከላት። መድረክ ላይ የሚናገር ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከሰሉ ረጥቦ አልያዝ ሲላት ዋለ። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ዝናቡ ሲያባራ በረንዳ ላይ እፍ እያለች አቀጣጠለችው። ነፋሱም መጣ። ሞተሩ የተነሳው ያኔ ነው፤ ሰባታችንም በር ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። እሷ ገብታ መተኮስ ጀመረች።

ትንሽ ቆይታ ሸሚዙን ይዛ ወደ እኔ መጣች። አልጋዬ ላይ፣ ያኔ ካውያውን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ዘረጋችው። አንገትጌው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረች፣ ጠርዟ ቡናማ።

"አንድ ብልጭታ" አለች።

መርፌ ፈለግሁ። ክር ፈለግሁ። ልጣፍልሽ፣ ከውስጥ ጨርቅ አስገብቼ እጠቅመዋለሁ፣ አይታወቅም አልኳት።

"ነጭ ነው እማማ። ይታያል።"

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ ስለ ካውያው አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ኃላፊውም አልጮኸም። ሸሚዙን ተቀብሎ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከዚያ ቢሮ ልብስ አልመጣም። ቀጥሎ ከሁለተኛው ቢሮ ቀረ። ገበያው አጠገብ የራሱ ሞተር ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚተኩስ ላውንድሪ ተከፍቶ ነበር፤ ሦስተኛውም ወደዚያ ሄደ። የእሷ ገመድ ላይ የሚሰቀለው የልጇ ቀሚስ ብቻ ሆነ። እንጨት ለቅማ ሸጠች። ለሰው ቤት ውሃ ቀዳች። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ገፋች። ከዚያ አንድ ማለዳ ዕቃዋን በአንድ ፌስታልና በአንድ ጆንያ አድርጋ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ በየበሩ ተሰናብታ ወደ መንጌ መኪና ሄደች። እኔ በር ላይ ስትደርስ እጄን ይዛ በአረብኛ ምርቃት መረቀችኝ። ወርቅ ልታጥብ ነው የምትመለሰው። ወገቧ ታወሰኝ፤ አላነሳሁትም።

ክፍሉን ልጠርግ ስገባ ካውያው ምስማሩ ላይ ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቆጣሪ ሊያይ። ሰባተኛው በር ባዶ መሆኑን አይቶ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስነግረው ደብተሬን አውጥቼ ነበር፤ ልክ መሆኔን እንዲመሰክርልኝ ፈልጌ ይመስለኛል። ደብተሩን ተቀብሎ ቆጣሪው ሥር ቁጢጥ አለ፣ እንደዚያ ቀን። እርሳስ ጠየቀኝ። በየበሩ የጻፍኳቸውን አምፖሎች አንድ በአንድ በከንፈሩ እያነበበ ደመራቸው። መቶ፣ ስልሳ፣ መቶ፣ ስልሳ፣ መቶ፣ ስልሳ፣ ስልሳ። የሽንት ቤቷ አርባ።

አምስት መቶ ሰማንያ።

"አዴ፣ ግቢው ሁሉ አብርቶ የሚጎትተው ይሄን ነው" አለኝ። ከሥሩ የካውያውን አንድ ሺህ ጻፈ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ። ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ቀነሰው። ስድስት መቶ ሃያ። "ማንም መብራቱን ሳያጠፋ ይበቃት ነበር። መምህሩም እሷ ስትነቅል ምድጃውን ይሰካል።"

ለየበሩ ሦስት መቶ ነው እኮ አልኩት። የሰው ድርሻ ነው፣ ባይጠቀምበትም የሱ ነው አልኩት።

እርሳሱን መለሰልኝ።

"ዋት እህል አይደለም አዴ። ያልተበላው ጆንያ ውስጥ አይቀመጥም። በዚያች ሰዓት ካልተጠቀሙበት የለም።"

ደብተሩን መለሰልኝና ቫልቮላዋን አይቶ፣ ደህና ናት ብሎ ሄደ።

ሁሉም ቁጥር ደብተሬ ላይ ነበር። በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ አልጋ ላይ ቆሜ ያነበብኩት። አካፍዬዋለሁ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አልደመርኩትም። በየምሽቱ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዋት ለማንም ሳይደርስ ሲጠፋ፣ እኔ ዘብ ቆሜ ስጠብቀው ነበር። ከሰልፉ መጨረሻ ያለውን ሰው እጠብቃለሁ ብዬ። ከሰልፉ መጨረሻ የነበረችው ሰባተኛዋ በር ናት።

በበጋው መንጌ ሄድኩ። ካውያውን በጨርቁ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። መንጌ ያኔ መብራት እንደሌለ አጥቼው አይደለም፤ ባዶ እጄን መሄድ አቃተኝ። ሰው ጠይቄ ወንዝ ዳር አገኘኋት። ከሌሎች ሴቶች ጋር እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ የእንጨት ገበታውን እያሽከረከረች አሸዋውን ታጥባለች። ልጅቷ ጥላ ሥር ተኝታለች። ስታየኝ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የወጣችው።

ካውያውን ሳሳያት ሳቀች፣ ነጠላ ስላልነበራት በእርጥብ እጇ አፏን ሸፈነች። እዚህ ምን ላይ ይሰካል፣ ወንዙ ላይ ነው አለችኝ። አብረዋት ያሉት ሴቶች በቋንቋቸው ጠይቀዋት ነገረቻቸው፣ እነሱም ሳቁ።

ደብተሩን አወጣሁ። ማንበብ አትችልም፤ በቃሌ ነገርኳት። ሁሉንም ደመርኩት፣ ይበቃሽ ነበር፣ ማንም ባያጠፋልሽ እንኳ ይበቃሽ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሳልደርስበት አቋረጠችኝ።

"ስንት ይተርፋል?"

"ስድስት መቶ ሃያ።"

ወደ ውሃው አየች። ከንፈሯ ቁጥሩን ሲደግም አየሁት።

"ብዙ ነው" አለች።

ካውያውን ተቀበለችኝ፤ ልጅቷ የተኛችበትን ጨርቅ ነፋስ እያነሳው ስለነበር ጫፉ ላይ አስቀመጠችው፣ ክብደቱ እንዲይዘው። ከዚያ ገበታዋን አንስታ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገባች። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ዳር ላይ ተቀምጬ ጀርባዋን ሳይ ቆየሁ። አንድ ጊዜም ቀና አላለችም፤ ተቆጥታ ሳይሆን ሥራው ቀና የሚያስብል ስላልሆነ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሰው ልኬ ባስጠይቅ ሄዳለች አሉ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

ግቢው ፈርሶ ሌላ ቤት ተሠርቶበታል። ትልቁ መስመር አሶሳ ገባ፣ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ግድቡ ተሠራ። አሁን ለየበሩ የየራሱ ቆጣሪ አለው። የኔን ሲያስገቡ ሠራተኛውን ስንት አምፔር ነው ብዬ ጠየቅሁት። አሥር አለኝ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት፣ ለአንድ በር። የሚሰፍረው የለም፣ የሚከለክለው የለም። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ብቻዬን እቀራለሁ፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት አንዲት ስልሳ አምፖል አበራና ቀሪውን እቀንሳለሁ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ይተርፋል።